የዳሰሳ ጥናት ሪፖርትና የአቋም ጽሑፍ፤ ሁለቱን ለይቶ ስለ መጻፍ



አስጠኚዎቻችን ከሚያዙን የጽሑፍ ሥራ አብዛኛው በሁለት ዓይነት ይጠቃለላል። አንደኛው የዳሰሳ ጥናት ሪፖርት፣ ሁለተኛው የአቋም ጽሑፍ ነው። ላይ ላዩን ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ይለያያል። ሪፖርት «ምን አገኛችሁ? እንዴትስ አገኛችሁት?» ለሚለው መልስ ይሰጣል። የአቋም ጽሑፍ ደግሞ «ታዲያ እናንተ ምን ትላላችሁ? ለምን?» ሲባል የሚቀርብ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያየነውን ከምናምነው ለይተን እንድንጽፍ፣ አቋማችንም ባየነው ላይ እንዲቆም ለማሳሰብ ነው። ለምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም፤ የገዛ አገራችን ይበቃናል።

ሀ. የአቋም ጽሑፍ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ የሐይቅን ከተማ አልፈን ስንሄድ የአምባሰሏን ውጫሌን እናገኛለን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣሊያ መንግሥት መካከል የታወቀው ውል የተፈረመው በዚህች ስፍራ ነው። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው፣ ምኒልክ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም እንደሚችሉ ይናገራል። ኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ የሚያገባ ሆኖ ተጻፈ። ኢጣሊያም ይህንኑ ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ስትል ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች።

ምኒልክ ታዲያ ምን አደረጉ? ሁለቱ ጽሑፎች ከተመሳከሩ በኋላ፣ በመስከረም 1883 ዓ.ም. ለኢጣሊያው ንጉሥ ለኡምቤርቶ በላኩት ደብዳቤ አማርኛውና ኢጣሊያንኛው እንደማይስማሙ ገለጡ። በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ። ከዐድዋ ድል በኋላም በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌው ተሠረዘ።

እርግጥ ነው፣ ነገሩን የቆረጠው ዐድዋ ላይ የፈሰሰው ደም ነው። ለእኛ ለተማሪዎች ትምህርት የሚሆነን ግን ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ጽሑፉ ተነበበ፤ ቀጥሎ ተመሳከረ፤ አቋሙ ከዚያ መጣ። ከዚህ በመነሣት አንድ የአቋም ጽሑፍ የሚከተሉትን ሊያሟላ ይገባል እንላለን።

1. የሚያከራክረው ነጥብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቀመጥ።
2. ክርክሩ የተንጠለጠለባቸው ቃላት ይፈቱ። «ይችላል» እና «ይገባዋል» አንድ አይደሉም፤ ውጫሌ ምስክር ናት።
3. ለእያንዳንዱ አባባል ማስረጃ ይቅረብ።
4. የተቃራኒው ወገን ሐሳብ ባለቤቱ ቢያነበው «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» በሚል መልክ ይጻፍ፤ ከዚያ መልስ ይሰጠው።
5. መደምደሚያው ማስረጃው ከሚሸከመው በላይ አይናገር።

ለ. የዳሰሳ ጥናት ሪፖርት

በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ስትመታ የጊዜው መንግሥት ነገሩን ሸፋፍኖት ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ግን ወደ ወሎ መጥተው ያዩትን በፎቶግራፍ አንሥተው ተመለሱና በዩኒቨርሲቲው ውስጥ አሳዩት። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ የጋዜጠኛው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን ታየና ጉዳዩ በዓለም ተሰማ። የሞተው ሰው ቁጥር እስከ ዛሬ አልተቆረጠም፤ ግምቱ ከ40,000 እስከ 200,000 ይደርሳል። ይህን ያህል ስፋት ያለው ግምት የሚመጣው ሰው በሚሞትበት ሰዓት በደንብ ቆጥሮ የሚመዘግብ ሲጠፋ ነው። እንግዲህ ቆጥሮ መጻፍ ቀላል ነገር አለመሆኑን ከዚህ እንረዳ።

የጂኦግራፊው ምሁር ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 በኢትዮጵያ ገጠር የደረሰውን ረሃብ አጥንተው በ1984 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳትመዋል። ዝናብ ስለ ቀረ ብቻ ሰው አይራብም፤ ገበሬው አስቀድሞ ለችግር ተጋልጦ መኖሩ ነው የሚጎዳው የሚለው አቋማቸው የቆመው በዓመታት ጥናት ላይ ነው።

ሐ. በእኛ ሥራ ሲታይ

ነገ ተመድበን ስንሄድ «ተማሪዎች ለምን ይቀራሉ?» ብላችሁ አጥኑ ልንባል እንችላለን። ጥያቄው እንዲሁ ሲተው ሰፊ ነው፤ ክፍሉንና ወሩን ወስነን እናጥብበው። ለምሳሌ ያህል በአንድ ትምህርት ቤት 4ኛ ክፍል ካሉት 50 ተማሪዎች 15ቱ በኅዳር ወር ከአምስት ቀን በላይ ቀሩ እንበል። «የገበሬ ልጅ ለትምህርት ግድ የለውም» ብሎ መጻፍ ሪፖርት አይባልም፤ እንዲያው ሐሜት ነው። ሪፖርት የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው፦ «ቁጥሩን ከስም መጥሪያው ወሰድን። የ11ዱን ወላጆች ቤታቸው ሄደን ጠየቅን። 8ቱ ለአጨዳ፣ 3ቱ በሕመም እንደቀሩ ተነገረን። የ4ቱን ወላጆች አላገኘንም።» ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አትዘለል። አንባቢው ሪፖርቱን የሚያምነው ያልተደረሰበትም ጭምር ሲነገረው ነው።

የጠየቅነው ሰው ከየት እንደሆነም ይጻፍ። በሐይቁ ዳር ያለ ልጅ ዓሣ ሊያጠምድ ይቀር ይሆናል፤ በአምባሰል ደጋ ያለው ከብት ሊጠብቅ። ከአንዱ ሰፈር የተገኘውን ለወረዳው ሁሉ ማልበስ አይቻልም።

ሪፖርቱ ካለቀ በኋላ አቋማችንን በሌላ ወረቀት፣ ቢያንስ በሌላ ክፍል እንጽፋለን። «ትምህርት ቤቱ በአጨዳ ወቅት የመግቢያ ሰዓቱን ያስተካክል» ልንል እንችላለን። «ሰዓት ከተነካ ትምህርት ይጓደላል» የሚል ተቃውሞ ይመጣል፤ የባከነውን ሰዓት መቼ እንደምናካክስ አስበን እንመልስ።

ውድ ጓደኞቻችን፤ ይህ ሁሉ ለማርክ ብቻ የሚደረግ አይምሰለን። ሰነፍ ተብሎ የተጻፈ ልጅ ከመዝገብ ሊሠረዝ ይችላል፤ አጨዳ ላይ ነው ተብሎ የተጻፈው ግን መፍትሔ ይፈለግለታል። ልጁ ያው አንዱ ልጅ ነው፤ ዕጣውን የሚለየው የእኛ ብዕር ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላልና፣ የምናወርሰውን ስንጽፍ አይተን፣ ቆጥረንና አመሳክረን ይሁን።