ስለ ልብ ታማኝነት

ኦሪት አመንዝራን የምትፈርድበት ሥራው ከተፈጸመ በኋላ ነበር፤ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ሳይቆም ፍርድ አይሰጥም ነበርና። ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ግን በተራራ ላይ ባስተማረው ትምህርት ፍርዱን ከአደባባይ አንሥቶ ወደ ልብ አገባው፤ ዓይን አይታ ልብ በፈቀደች ጊዜ ዝሙቱ በዚያው እንደ ተፈጸመ አስተማረ (ማቴ. 5፥27-28)። ሊቃውንት አባቶቻችን ኀጢአትን በሦስት ይከፍሉታል፤ ይኸውም ሐልዮ፥ ነቢብ፥ ገቢር ነው። ሐልዮ በሐሳብ፥ ነቢብ በቃል፥ ገቢር በሥራ የሚፈጸመው ነው። ነቢብን ጎረቤት ይሰማዋል፥ ገቢርን ጎረቤት ያየዋል፤ ሐልዮን ግን ከእግዚአብሔርና ከባለ ልቡ በቀር የሚያውቀው የለም። ሰው ሁሉ አቅልሎ የሚያየውም ስለዚህ ነው።

የደሴ ሰው ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ቦርከና ከተራሮቻችን ተነሥቶ ከተማችንን አቋርጦ በገደል ወርዶ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ላይ ደሴ የተጣለው ጉድፍ ታች ኮምቦልቻ ይገኛል። የታችኛው ሰው ቀኑን ሙሉ ውኃ ሲያጠራ ቢውል፥ የላይኛው መጣሉን ካልተወ ድካሙ ከንቱ ነው። ጠቢቡ ሰሎሞን ከሁሉ አስቀድሞ የልብን መጠበቅ ያዘዘው (ምሳ. 4፥23) እጅና እግር የታችኛው አገር ስለ ሆኑ ነው።

ሆኖም ይህን ትምህርት ሰምተው ያለ ልክ የሚደነግጡ አሉ። በልባቸው ክፉ ሐሳብ ባለፈ ቁጥር እንደ ወደቁ ቈጥረው ከቅዱስ ቊርባን የሚርቁ፥ ይልቁንም ወጣቶች፥ ብዙዎች ናቸው። በ7ኛው መቶ ዓመት በደብረ ሲና የነበረው አባ ዮሐንስ ስለ መንፈሳዊ መሰላል በጻፈው መጽሐፍ ይህን ነገር በደረጃ ለይቶታል። አስቀድሞ ሐሳቡ መጥቶ ደጅ ይመታል፤ ይህ ኀጢአት አይደለም። ቀጥሎ ሰው ከሐሳቡ ጋር መነጋገር ይጀምራል። ከዚያም ይስማማል፤ ከተስማማ በኋላ ይማረካል፤ በመጨረሻም ልማድ ሆኖ ይነግሥበታል። እንግዲህ ደጅ የተመታበት ሰው ሁሉ በሩን ከፍቷል አይባልም። ጌታ አይቶ የተመኘ ባለ ጊዜ የወቀሰው ማየቱን ብቻ አይደለም፤ ለመመኘት ብሎ ማየቱን ነው እንጂ። አንድም ያየውን በልቡ አስቀምጦ ደጋግሞ መጎብኘቱን ነው። ጻድቁ ኢዮብ ከዓይኖቹ ጋር ቃል ኪዳን መግባቱን የተናገረው (ኢዮ. 31፥1) ዓይን ስለማያይ ሳይሆን፥ ያየውን ለልብ እንዳያቀብል ነው።

እስከዚህ ያልሁት በየዐውደ ምሕረቱ የሚነገር ነው፤ በዚህ አልቆይም። ዛሬ ልጽፍበት የወደድሁት ሌላው የሐልዮ ኀጢአት ነው፤ እርሱም ጥርጥር ነው። የልብ ንጽሕና ሲባል ሰው ሁሉ ወደ ፍትወት ብቻ ይመለከታል፤ ነገር ግን ፍትወት የሌላውን ሴት በልብ እንደሚያረክስ፥ ጥርጥርም የራስን ሚስት በልብ ያረክሳል። አንዲት ንጽሕት ሴት ባልዋ በልቡ ዐሥር ጊዜ አመንዝራ ሊያደርጋት ይችላል፤ እርስዋም አታውቀውም።

በወሎ ይህ ነገር ዛሬ ጽኑ ደዌ ሆኗል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከደሴ፥ ከኮምቦልቻና ከዙሪያቸው ካሉት ወረዳዎች ብዙ ሴቶች ልጆቻችን ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገር ሄደዋል፤ ይሄዳሉም። በኅዳር ወር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ፈቃድ የላቸውም ያለቻቸውን ማባረር በጀመረች ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የወሎ ልጆች ነበሩ። ከተመለሱትም እንደ ገና የሄዱ አሉ። በሌላ ወገን ባሎች በጂቡቲ መንገድ መኪና እየነዱ ወር ሙሉ ከቤት ይርቃሉ። በ2009 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ላይ የኢንዱስትሪ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህም ከገጠር የመጡ ወጣቶች ቤት ተከራይተው ከወላጅም ከትዳርም ርቀው ይኖራሉ። ይህ የክርስቲያኑ ቤት ብቻ አይደለም፤ የሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ለቅሶ ያው ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ባልና ሚስት ለጸሎት ካልሆነ በቀር፥ ያውም በስምምነትና ለጥቂት ጊዜ ካልሆነ በቀር፥ እንዳይለያዩ አዟል (1 ቆሮ. 7፥5)። የሁለት ዓመት ውል ጥቂት ጊዜ ነውን? ልጆቹን የሚያበላው ያጣ ሰው ሚስቱን ቢሸኝ በእርሱ ላይ ድንጋይ አላነሣም። ነገር ግን የሚበላ ሳያጣ፥ ሁለተኛ ውልዋን ጨርሳ ልመለስ ስትለው፥ ሰርቪስ ቤቱ አላለቀምና አንድ ጊዜ ጨምሪ የሚል ባል አለ። እንዲህ ያለው ሰው ሚስቱን በራሱ እጅ ወደ ፈተና ከሰደደ በኋላ ማታ ማታ ተኝቶ ከማን ጋር ትሆን ብሎ ያስባል። እርስዋ የላከችውን ገንዘብ ከጓደኞቹ ጋር በጫትና በመጠጥ የሚጨርስም አለ። ታማኝነት የሥጋ ብቻ መስሎት ከሌላ ሴት አልደረስሁም ብሎ ራሱን ያጸድቃል፤ ነገር ግን ላብዋን የበላ ባል ታማኝ ነው ለማለት እኔ አልደፍርም።

አንድ የማውቀው ሰው ነበር፤ ስሙንም ሰፈሩንም አልጠራም። ነገሩን ያጫወተኝ በንስሓ ሳይሆን በሽምግልና ስለ ሆነ፥ ለሌላው ትምህርት ይሁን ብሎም ስለ ፈቀደልኝ እጽፈዋለሁ። ሚስቱ ዐረብ አገር ከሄደች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ሁልጊዜ ዓርብ ማታ በኢሞ ትደውልለት ነበር፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ድምፅዋ ጠፋ። በመጀመሪያው ሳምንት ታማ ይሆናል ብሎ አዘነ። በሁለተኛው ሳምንት ቡና ሊጠጣ በተቀመጠበት ቤት አንዱ፥ እዚያ የሄዱት ሁሉ መጨረሻቸው ይታወቃል ብሎ ሳቀ። በሦስተኛው ሳምንት ሰውየው ራሱ ይህን ቃል ለሌላ ሰው ደገመው፤ ሚስቴ ሌላ ይዛለች አለ። ከዚያም ወደ እኔ መጥቶ፦ «የኔታ፥ ሰማንያዬን ልቀድ ነው፤ ምን ይሉኛል?» አለኝ።

እኔም፦ «ልጄ፥ ማን ነገረህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሰው አለ። «ሰውየው አይቷልን?» አላየም። «በየትኛው ቀን? በየትኛው ከተማ?» መልስ አልነበረውም። የሶስናን ታሪክ አስታወስሁት። ሁለት ሽማግሎች ሲከሷት ሕዝቡ ሁሉ አምኗቸው ሊወግሯት ነበር፤ ወጣቱ ዳንኤል ግን ለየብቻ አቁሞ ከየትኛው ዛፍ ሥር አያችኋት ብሎ በጠየቃቸው ጊዜ አንዱ አንድ ዛፍ፥ ሌላው ሌላ ዛፍ ጠራ። እንግዲህ ለሶስና ሁለት የሐሰት ምስክሮች ነበሩባት፤ በዚህ ሰው ሚስት ላይ ግን አንድ የሐሰት ምስክር እንኳ አልነበረም፤ የቡና ቤት ሳቅ ብቻ ነበረ እንጂ።

በአራተኛው ሳምንት ደወለች። የቤቱ እመቤት ስልኳን ቀምታ ደብቃባት ኖሯል።

እንዲህ ያለውን ነገር ሳስብ ሁልጊዜ የዮሴፍ ታሪክ ይመጣብኛል (ዘፍ. 39)። ዮሴፍን የምናስተምረው ለወጣት ወንዶች አብነት አድርገን ነው፤ መልካም ነው። ነገር ግን ዮሴፍ ምን ነበር? በባዕድ አገር፥ በባዕድ ቤት ያገለግል የነበረ ሠራተኛ አልነበረምን? ጌቶቹ የፈለጉትን ሊያደርጉበት ሥልጣን ነበራቸው። ዛሬ በዮሴፍ ቦታ የቆሙት እኅቶቻችን ናቸው። ዮሴፍ ልብሱን ጥሎ ሸሸ፤ ያ ልብስም መስካሪ ሆኖ ቀረበበት፤ ጲጥፋራም ሳይመረምር ወደ ወህኒ ጣለው። ቤት ተዘግቶባት፥ ፓስፖርትዋ በሌላ ሰው እጅ ሆኖ፥ ከጌታዋ ልጅ ጋር እየታገለች ንጽሕናዋን የጠበቀች ሴት ስትመለስ ባልዋ ጲጥፋራ ሆኖ ቢጠብቃት ምን ይባላል?

ታግላ ያልቻለችስ? ይህን ጥያቄ ብዙዎቻችን ካህናት እንሸሸዋለን፤ መሸሽ ግን አይገባንም። በኦሪት ሕግ በሜዳ የተያዘች ልጃገረድ ጮኻ የሚያድናት ካጣች ኀጢአት የለባትም፤ ነገሩ ሰው በባልንጀራው ላይ ተነሥቶ እንደሚገድለው ያለ ነው ተብሎ ተጽፏል (ዘዳ. 22፥25-27)። ልብ አድርጉ፤ ሕጉ እርስዋን የመሰላት በተገደለ ሰው ነው፤ የተገደለ ሰው ደግሞ ስለ ተገደለ አይከሰስም። በ4ኛው መቶ ዓመት የቂሣርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ባስልዮስ ለአምፊሎክዮስ በጻፋቸው ቀኖናት በ49ኛው ላይ በግድ የተደፈረች ሴት ነቀፋ እንደሌለባት ወስኗል፤ ይልቁንም በጌታዋ የተገደደችውን ገረድ ለይቶ አንሥቶ ነጻ አድርጓታል። ይህ ቀኖና ከተጻፈ ከ1600 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ለዛሬዪቱ የኮምቦልቻ ልጅ የተጻፈ ግን ይመስላል።

በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ገብቶ እስከ ኅዳር ወር መጨረሻ በቆየ ጊዜ፥ በወሎ ምድር በብዙ ሴቶች ላይ ግፍ ደርሷል። ከዚያ ወዲህ ሚስቱን እንደ ረከሰች ቈጥሮ ምንጣፍ የለየ ባል መኖሩን ሰምተናል። ንጽሕና የልብ ፈቃድ ነው ካልን፥ ያለ ፈቃድ የደረሰው ግፍ ንጽሕናን ሊወስደው አይችልም። በዚያ ቤት ሐሳቡን ማንጻት የሚገባው ባልዬው ነው፤ እርስዋ የምትሻው ቀኖና ሳይሆን መጽናናት ነው።

ስለ ሐሜት ደግሞ የቅዱስ ድሜጥሮስ ታሪክ አለ። ይህ አባት የእስክንድርያ 12ኛው ሊቀ ጳጳሳት ነው፤ አጽዋማትንና በዓላትን የምናወጣበት ባሕረ ሐሳብም በስሙ ይጠራል። ወይን ጠባቂ ሳለ ለመንበረ ማርቆስ ተመረጠ፤ ሚስት ነበረችው። ሕዝቡም ሚስት ያለው ሰው እንዴት በዚህ መንበር ይቀመጣል እያለ ያማው ነበር። እርሱና ሚስቱ ግን ከሰርጋቸው ቀን ጀምሮ በስምምነት በድንግልና ይኖሩ ነበር፤ ይህን ከእግዚአብሔር በቀር ማንም አያውቅም። በመጨረሻ ሕዝቡ በሐሜት እንዳይጠፋ በመልአክ ታዝዞ ፍም አስመጣ፤ በልብሱና በልብስዋ ታቀፉት፥ አላቃጠላቸውም። ስንክሳር ይህን በመጋቢት 12 ቀን ያነሣል። በየዓመቱ መጋቢትን ስናነብ ሕዝቡ በተአምሩ ይደነቃል፤ እኔን ግን የሚያስደንቀኝ ሐሜተኞቹ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መሆናቸው ነው። ከፍም ይልቅ የሚያቃጥለው ምላሳቸው ነበር። ፍም ታቅፋ ንጽሕናዋን የምታስመሰክር የወሎ ሴት ከየት ትምጣ?

ሐሳብ ደጅ ሲመታ ምን ይደረግ ለሚል፥ አባቶች የሚመክሩት ከሐሳቡ ጋር አለመከራከርን ነው። ሔዋን የወደቀችው ለእባብ መልስ መስጠት ስትጀምር ነው። ጥርጥር በመጣ ጊዜ ማስረጃ ለመፈለግ ስልኩን እያነሡ መጨረሻ የታየችው ስንት ሰዓት ነው እያሉ መቁጠር ከእባብ ጋር መነጋገር ነው። ይልቅስ ተነሥቶ ማማተብ፥ ዳዊት የሚደግም ዳዊቱን፥ የማይደግም አቡነ ዘበሰማያት መድገም፤ ከዚያም ወደ ሥራ መሄድ። በሩቅ ያሉ ባልና ሚስት አንድ ሰዓት ቀጥረው፥ እርስዋ በዚያ እርሱ በዚህ፥ በአንድ ጊዜ ቢጸልዩ እጅግ ይጠቅማል። ገንዘቡንም ባል በየወሩ ከላክሽው ይህን ያህል ለልጆች ትምህርት፥ ይህን ያህል ለቤት ዋለ ብሎ ይንገራት። ብዙ ጥርጥር የሚጀምረው ከገንዘብ ነው።

ያ ሰው ሚስቱ ውልዋን ጨርሳ ከተመለሰች በኋላ እንደ ገና ወደ እኔ መጣ። ደስተኛ ነበር፥ ግን አንድ ነገር ከብዶታል፦ «የኔታ፥ ያን ጊዜ የጠረጠርኋትን ልንገራት ወይስ ልተወው?» አለ። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ከእኔ የሚበልጡ መምህራን ሌላ ይፈርዱ ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ አልሁት፦ «በልብህ የቀረውን ለነፍስ አባትህ ተናዘዘው፤ ለእርስዋ ብትነግራት የአንተን ሸክም በእርስዋ ጫንቃ መጣል ነው፤ የእርስዋ ጫንቃ ደግሞ ቆስሎ መጥቷል። በአፍህ የተናገርኸው ግን ሌላ ነው፤ ያ ከሐልዮ ወጥቶ ነቢብ ሆኗል፤ የሰሙት ሰዎች ዛሬም እንደ ሰሙት አሉ። ወደ እነርሱ ሂድ።»

ዝም ብሎ ሄደ። በሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አገኘሁት። ወደዚያ ቡና ቤት ሄዶ፥ ሰዎቹ ተሰብስበው ሳሉ ቆሞ፥ ስለ ሚስቴ የተናገርሁት ሐሰት ነበር፤ ያየሁት ነገር የለም፤ ይቅር በሉኝ ብሏቸዋል። አንዱ ሳቀበት አለኝ። ሁለቱ ግን አንገታቸውን ደፉ፤ የእነርሱም ሚስቶች ጅዳ ናቸው።