ኦፕቲፕሌክስ 7010፦ ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ አቀያየር

እ.ኤ.አ. በ2012 ገበያ ላይ የዋለው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ዛሬም በየቢሮውና በየቤቱ ይሠራል። አርጅቷል ተብሎ መጣል አይገባውም። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ከተቀየሩ ለቪዲዮ ቅንብርም ሆነ ለመካከለኛ ጌም ይበቃል። ለውጡ የሚሰምረው ግን ዕቃው ሳይገዛ በፊት በሚደረግ ማጣራት ነው።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱና ኮምፒውተሩ የሚንቀራፈፍበትን ሥራ እየሠሩ ይመልከቱት። ዲስኩ 100 ከመቶ ላይ ተቸክሎ ከቆየ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ አይደለም፤ መጀመሪያ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ይቀይሩ። ዊንዶውስ 11ም በይፋዊ መስፈርቱ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ወዲህ ያሉትን ፕሮሰሰሮች ስለሚፈልግ፣ ይህ ማሽን ምንም ቢጠናከር መስፈርቱን አያሟላም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 2025 አብቅቷል። ሥራዎ የግድ ዊንዶውስ ካልጠየቀ ሊኑክስ ሚንትን ቢጭኑ እመክራለሁ።

የ7010 ሶኬት ኤልጂኤ 1155 ነው፤ የሚቀበለው የኢንቴልን 2ኛና 3ኛ ትውልድ ነው። እንደ 4770 ያለው 4ኛ ትውልድ ሶኬቱ 1150 ስለሆነ አይገባም። ጥሩው ምርጫ ኮር አይ7 3770 ነው፦ 4 ኮር፣ 8 ትሬድ፣ 77 ዋት። አሁን ያለዎት ባለ 2 ኮሩ አይ3 3220 ከሆነ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። አይ5 3470 ካለዎት ግን ገንዘብዎን ለግራፊክስ ካርዱ ያቆዩት፤ እሱም 4 ኮር ያለው ስለሆነ ትርፉ የሚታየው እንደ ቪዲዮ ማውጣት ባሉ ከባድ ሥራዎች ላይ ብቻ ነው።

ግራፊክስ ካርዱን የሚወስኑት ሳጥኑና ፓወር ሰፕላዩ ናቸው። የትልቁ ታወር ፓወር ሰፕላይ 275 ዋት፣ የትንሹ ሳጥን 240 ዋት ነው፤ እጅግ ትንሹ ሞዴል ደግሞ የካርድ ማስገቢያ የለውም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ማስገቢያ ለካርዱ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ስለሆነ፣ የራሱን የኃይል ገመድ የማይጠይቅ ካርድ ይፈልጉ። ባለ 4 ጊጋባይቱ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ለዚህ ይስማማል፤ ሆኖም በዚህም ሆነ በጂቲኤክስ 1650 አንዳንድ አምራቾች የኃይል ሶኬት ስለሚጨምሩበት ሳይከፍሉ ካርዱን አገላብጠው ይዩ። ለትንሹ ሳጥን ቁመቱ አጭር የሆነው ብቻ ነው የሚገባው፤ ውፍረቱንም ይለኩ። ጂቲ 1030 ሁለት ዓይነት ነው፦ ዲዲአር4 ያለው ከጂዲዲአር5ቱ በጣም የዘገመ ስለሆነ ይተዉት።

ብዙዎች የሚረሱት ሞኒተሩን ነው። 1050 ቲአይ የቪጂኤ መውጫ የለውም፤ ዲቪአይ-ዲውም በተራ አስማሚ ወደ ቪጂኤ አይቀየርም። ሞኒተርዎ ቪጂኤ ብቻ ካለው ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ኮንቨርተር አብረው ይግዙ።

ሥራው ሲጀመር ፋይሎችዎን ሌላ ቦታ ይቅዱ። ማሽኑን ጥቂት ደቂቃ ያሠሩት፤ የደረቀው ቴርማል ፔስት ይለሰልሳል። ከዚያ ያጥፉት፣ ገመዱን ይንቀሉ፣ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው የቀረውን ኃይል ያስወጡ። የሳጥኑን ብረት በእጅዎ ይንኩ።

የማቀዝቀዣውን የፋን ገመድ ነቅለው ብሎኖቹን በካቻቪቴ በሰያፍ እያፈራረቁ ያላሉ፤ ካላሉ በኋላ ማቀዝቀዣውን ቀስ ብለው እያወዛወዙ ያንሱ። የድሮውን ፔስት በአይሶፕሮፒል አልኮልና ክር በማይለቅ ጨርቅ ይጥረጉ። የሶኬቱን ዘንግ ከፍተው ፕሮሰሰሩን በጠርዙ ይዘው ቀጥ አድርገው ያውጡት። ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ ከሁሉም የሚያስፈራው ነው፦ በዚህ ሶኬት ፒኖቹ ያሉት ማዘርቦርዱ ላይ ነው፤ አንድ ፒን ከተጣመመ ቦርዱ ሊበላሽ ይችላል። ጣትም ጨርቅም ወደዚያ አያስጠጉ። የአዲሱን ፕሮሰሰር ወርቃማ ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር፣ የጎኑን ስንጥቆች ከሶኬቱ ጉጦች ጋር አገናኝተው ሳይጫኑ ያስቀምጡት። ዘንጉ ሲዘጋ ጠንከር ይላል፤ ይህ የተለመደ ነው። መሐሉ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ፔስት አድርገው ማቀዝቀዣውን ይመልሱ፣ የፋን ገመዱንም ይሰኩ።

ካርዱን ገና አያስገቡ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የቀየረ ሰው ችግር ሲመጣ ከየት እንደመጣ አያውቅም። ኤፍ2ን ተጭነው ባዮስ ውስጥ የአዲሱን ፕሮሰሰር ስም ካዩ፣ ኮምፒውተሩን አስነስተው ሙቀቱን እንደ ኮር ቴምፕ ባለ የሙቀት መከታተያ ፕሮግራም እየተከታተሉ ለግማሽ ሰዓት ያህል ከባድ ሥራ ያሠሩት። ከ90 ዲግሪ ካለፈ አጥፍተው ማቀዝቀዣውን እንደገና ይግጠሙ።

ከዚያ ማሽኑን እንደገና አጥፍተው ገመዱን ይንቀሉና ካርዱን ለፕሮሰሰሩ ቅርብ በሆነው ረጅም ማስገቢያ ‹ቀጭ› እስኪል አስገብተው በብሎን ያሰሩት። የሞኒተሩን ገመድ ካርዱ ላይ ይሰኩ፤ የካርዱን ድራይቨር ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ ያውርዱ።

ምስል ካልመጣ ካርዱንና ራሙን አውጥተው ይመልሱ። ካርዱ ሲወጣ ምስል የሚመጣ ከሆነ ባዮሱ አርጅቶ ሊሆን ስለሚችል ከዴል ድረ ገጽ ያድሱት። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ግን ያለ ዩፒኤስ አይሞክሩ፤ እድሳቱ መሐል ላይ ከተቋረጠ ማዘርቦርዱ ላይነሳ ይችላል።