ስለ ሰማይና ስለ አሁን ጊዜ ግስ፤ ከውጫሌ ውል ጋር

ፊደልና ዳዊት ለጨረሱ ሕፃናት የግስን ጊዜ ለማስተማር ከሰማይ የተሻለ ሰሌዳ የለም ብለን እናምናለን። ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች፤ በምዕራብ ትጠልቃለች፤ ጨረቃ ትሞላለች፤ ትጎድላለችም። ይህ ዘወትር የሚሆን ስለ ሆነ ግሱ የአሁን ጊዜ ይባላል። ዳዊትም በ18ኛው መዝሙር ስለ ሰማያት ሲናገር ግሱ «ነገራ» ሳይሆን «ይነግራ» ነው፤ አንድ ጊዜ ተናግረው ዝም አላሉምና።

ነገር ግን መምህሩ ሁለት ነገር መጠንቀቅ ይገባዋል። አንደኛው፤ «ፀሐይ ትወጣለች» ዓይን እንዳየ የተነገረ ነው። ቀንና ሌሊትን የሚያፈራርቀው የምድር በራስዋ ዛቢያ መዞር ነው። ሕፃኑ «ምድር ትዞራለች» ቢልም ጊዜው ያው የአሁን ነው፤ ምሥጢሩ ግን ተለየ። ሁለተኛው፤ «ትወጣለች» ለዛሬም ለነገም ያገለግላል፤ በግእዝም «ይሠርቅ» ትንቢት ይባላል። «ይሥርቅ» ግን ትእዛዝ ነው፤ በአንድ ፊደል መለወጥ ዜናው ትእዛዝ ይሆናል። ሕፃኑ «ይህ ምን ይጠቅመኛል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል፤ መጠየቁም መልካም ነው።

መልሱ በአምባሰል፤ ከሐይቅ እስጢፋኖስ በስተሰሜን ባለችው በውጫሌ ይገኛል። ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ አንቶኔሊ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ የተዋዋሉት ውል 20 አንቀጽ ነበረው። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ግስ «ይቻላቸዋል» ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከኤውሮፓ መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ ቢወዱ በኢጣልያ አጋዥነት ይላላካሉ፤ ባይወዱ ይተዋሉ ማለት ነው። የኢጣልያንኛው ግን «ኮንሴንቴ» ነው፤ በኢጣልያ በኩል ለመላላክ ይስማማሉ ማለት ነው። ሁለቱም ግሶች የአሁን ጊዜ ናቸው! ጊዜያቸው ሳይለይ አንዱ ፈቃድን ሰጠ፤ ሌላው ፈቃድን አሰረ። ኢጣልያም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለመንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን መተዋቸውን ገለጹ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነገሩ በዐድዋ በጦር ተፈረደ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተጻፈው ውል የውጫሌው ፈረሰ። ጦርነቱን ያመጣው ግሱ ብቻ ነው አንልም፤ የመሬት ምኞት አስቀድሞ ነበረ። ዳሩ ግን ምክንያት የተደረገው ግሱ ነው።

የዚያኑ ዕለት ቀን መቍጠርም ለሕፃናት የሰማይ ትምህርት ይሆናል። በ1881 ላይ 5500 ቢጨመር 7381 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 1 ይተርፋልና ዘመኑ ማቴዎስ ነው። ለ19 ሲካፈል 9 ይተርፋል፤ አሐዱ ለዘመን ሲተው ወንበሩ 8፤ መጥቅዑ 2 ነው። ጥቅምት 2 ሐሙስ ነበርና ተውሳኩ 3 ተጨምሮ መባጃ ሐመር 5፤ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲታከል ትንሣኤ ሚያዝያ 14 ዋለ። ውሉ የተፈረመው እንግዲህ ከትንሣኤ በኋላ በ11ኛው ቀን፤ በዕለተ ሐሙስ ነው።

ያ ቀን በኤውሮፓ አቈጣጠር ሜይ 2 ቀን 1889 ነበር። ዛሬ ሚያዝያ 25 ሜይ 3 ላይ ይውላል። «ይውላል» የሚለው ግስ ለእኛ ዘመን እውነት ነው፤ ለ1881 ግን ሐሰት ይሆናል። እነርሱ በ1900 የፌብሩዋሪን 29ኛ ቀን ትተዋል፤ እኛ ግን በየ4 ዓመቱ የምትመጣውን 6ኛዋን የጳጉሜን ቀን ሳናስታጉል ቈጥረናል፤ ልዩነቱም በአንድ ቀን ሰፋ። ይህን ያልተማረ ሰው ሁለት መጻሕፍትን አስተያይቶ አንዱ ተሳስቷል ይላል። የዐድዋም ድል በ1888 ዓ.ም. ማርች 1 ሲሆን ዛሬ ማርች 2 ይከበራል፤ ምክንያቱን ሕፃኑ ራሱ ቈጥሮ ለመምህሩ ይንገር።