ትምህርት፦ ጽንስን ወደ ማስወረድ የሚያደርሰው መንገድ

ንባብ፦ ዮሐንስ 8፥1–11፤ ገላትያ 6፥2



ይህን ጉዳይ በጉባኤ መካከል ማንሣት ያሳፍራል። ነገር ግን እኛ ዝም ስላልን ነገሩ አልቀረም።

አንዲት እኅት ጽንስ ለማስወረድ የምታስበው ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት ችግር ነው። በወላይታ ሕዝቡ ብዙ፣ መሬቱ ጠባብ ነው። የእንሰቱ ጓሮ ላሉት ልጆች ሳይበቃ፣ ታናሹም ጡት ሳይጥል እንደገና የፀነሰች እናት ትጨነቃለች። ሁለተኛው እፍረት ነው። ያላገባች ተማሪ ትምህርቷ እንዳይቋረጥ፣ ከቤተ ሰብና ከጉባኤ እንዳትለይ ትፈራለች። ሦስተኛው ተገዶ መደፈር ወይም የወንድ ክሕደት ነው።

«የወሊድ መከላከያ እያለ ለምን?» የሚሉ አሉ። በ1992 ዓ.ም. በአገራችን ካገቡ ሴቶች ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙት ከመቶ 6 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 35 ደረሱ። ይህ መልካም ነው። ሆኖም በዚያው ዓመት ከመቶ 22ቱ ወሊድን ማራራቅ ወይም ማቆም እየፈለጉ መከላከያ አልያዙም ነበር። አንዳንዷ ባሏ ይከለክላታል። አንዳንዷ የመርፌው ቀን ያልፍባታል። ሌላዋ የወር አበባዋ ሲዛባ ደንግጣ ታቆማለች፤ ወደ ሌላ ዓይነት መለወጥ እንደሚቻል የነገራት የለም። ብዙዎች «መካን ያደርጋል» የሚለውን ወሬ ይሰማሉ። ይሁን እንጂ በክንድ የሚቀበረው ሲወጣ መፀነስ ይቻላል፤ ከመርፌ በኋላ ግን ጥቂት ወራት ሊዘገይ ይችላል። ያላገባችው ልጅ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጎረቤቷ ስለሆነች ለመጠየቅ ታፍራለች።

እንግዲህ ጽንስ ለማስወረድ የምትሄደው ሁሉ መከላከያን የናቀች አይደለችም። ብዙ ጊዜ የሚያስረዳት ያጣች ናት።

ሕጉንም እንወቅ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 551፣ በመደፈር ወይም በዘመድ የመጣ እርግዝና፣ ለእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ የሆነ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ያለበት፣ ወይም እናቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም በዕድሜ ማነስ ልጅ ለማሳደግ ያልበቃች ስትሆን በሕክምና ቢቋረጥ አያስቀጣም። እጅግ የከፋ ድህነት ቅጣትን ያቀልላል እንጂ ፈቃድ አይሆንም።

በስውር ሥርና መድኃኒት የወሰደች፣ ደም የሚፈስሳት ወይም ትኩሳት ያላት እኅት ካለች ወቀሳው ይቆይ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ትወሰድ። ከዚያ በኋላም በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና ልትፀንስ ስለምትችል፣ ስለ መከላከያ ምክር ሳታገኝ አትመለስ።

ለውይይት፦
1. በአጥቢያችን የተጨነቀች ልጅ በመጀመሪያ ለማን ትናገራለች?
2. ባሎች ስለ ወሊድ ማራራቅ ከሚስቶቻቸው ጋር እንዲመካከሩ ምን እናድርግ?
3. ጌታችን ከሳሾቿ ሁሉ ትተዋት የሄዱትን ሴት እንዴት ተቀበላት? እኛስ?

ሸክሙ ሳይከብድ አብረን እንሸከም።