ጦርነት የማወጅ ሥልጣን የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ ጦርነት ሲነሣ በአብዛኛው የሚዘምተው በእኛ ዕድሜ ያለ ወጣት ነው። ስለዚህ «ዝመት ብሎ የማዘዝ ሥልጣን ለማን ተሰጠ? ወሰኑስ የት ድረስ ነው?» የሚለው ጥያቄ ለሕግ ዐዋቂዎች ብቻ የሚተው አይደለም።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 13 መንግሥት ሰይፍ የታጠቀው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ያስተምረናል። ሀገርንና ሕዝብን መጠበቅ የመንግሥት ግዴታ ነው። ሆኖም በዚያው ምዕራፍ ባለ ሥልጣኑ የእግዚአብሔር አገልጋይ ተብሏል። አገልጋይ ደግሞ ጌታ ያለው፥ ስለ ሥራውም የሚጠየቅ ነው። እንግዲህ ሰይፉ ያለ ልክ የተሰጠ አይደለም።

ከሀገራችን ሕገ መንግሥቶች ሦስቱን ብንመለከት ይህ ልክ እንዴት እንደ ተበጀ እንረዳለን። በ1923 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት ጦርነት የማወጅ ሥልጣን የንጉሠ ነገሥቱ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሥልጣኑን ለንጉሠ ነገሥቱ ቢተውም የፓርላማው ምክርና ስምምነት እንዲጨመርበት አደረገ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 55 የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያቀርበው ረቂቅ ሕግ መሠረት የጦርነት አዋጅ የሚያውጀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መሆኑን ይደነግጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ ሰው በቁጣ ወይም በክብር ፍላጎት ሊነዳ ይችላል፤ ጠያቂውና ፈቃጁ ሲለያዩ ግን ቁጣው እስኪበርድ ጊዜ ይገኛል፥ ምክንያቱም በሸንጎ ይመረመራል።

ነገር ግን የሀገር ውስጥ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። ለዚህ ከሁሉ ይልቅ ምስክሮቹ እኛ ነን። ፋሺስት ኢጣልያ በ1920 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር የወዳጅነት ውል ፈርማ ነበር። በዚያው ዓመት በፓሪስ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጦርነት ላለመጠቀም ቃል ገባች። ሆኖም መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦሯ ጦርነት ሳይታወጅ መረብን ተሻገረ። ሙሶሊኒን በሀገሩ ውስጥ የሚከለክለው አልነበረም፤ ሥራው ግን በመንግሥታት መካከል ባለው ሕግ ወንጀል ነበር። የመንግሥታት ማኅበርም ኢጣልያ ቃል ኪዳኑን እንዳፈረሰች ወሰነ፤ ዳሩ ግን የጣለው ማዕቀብ ነዳጅን ስላልጨመረ ወራሪውን አላቆመውም። ከዚያ በኋላ በ1937 ዓ.ም. የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንድ መንግሥት በሌላው ላይ ኃይል እንዳይጠቀም ከለከለ። የፈቀደውም ጥቃት ሲደርስ ራስን ለመከላከል፥ ወይም የጸጥታው ምክር ቤት ሲወስን ነው።

ታዲያ ምክር ቤቱ ካወጀ፥ ምክንያቱም ራስን መከላከል ከሆነ፥ ሁሉ ነገር ንጹሕ ነውን? ቅዱስ ዳዊትን እናስብ። ከጠላቶቹ ጋር ሲዋጋ እግዚአብሔርን እየጠየቀ ይወጣ ነበር። ቤተ መቅደስ ሊሠራ ባሰበ ጊዜ ግን ብዙ ደም ስላፈሰሰ ያ ሥራ ለልጁ ለሰሎሞን እንደ ተሰጠ በመጀመሪያው ዜና መዋዕል ምዕራፍ 22 እናነባለን። የተፈቀደ ጦርነት እንኳ ደም መሆኑን አይተውም። ሕግ በር ይከፍታል እንጂ እጅ አያጥብም።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፤ የጦርነት ወሬ ስንሰማ ለማጨብጨብ አንቸኩል። በሕግ የተሰጠው አካል መክሮበታልን? ሀገርን ለመከላከል ነው ወይስ የሌላውን ለመውሰድ? የዕርቅ መንገድ ሁሉ ተሞክሯልን? ብለን እንጠይቅ። መጠየቅ ሀገርን አለመውደድ አይደለም። በቅዳሴያችን ስለ ሰላምና ስለ ሀገር መሪዎች ስንጸልይም፥ ለእነርሱ የመምከርን ልቡና፥ ለእኛም የማስታረቅን ትዕግሥት እንዲሰጠን በማስተዋል እንለምን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።