ሕጉ እስኪሻሻል ልጠብቅን?

ጥያቄ፦ በአሜሪካ የምሠራበት የሒሳብ ድርጅት ለመኖሪያ ፈቃድ ሊያመለክትልኝ ፈቅዷል። ፐርም የሚባለው የሠራተኛ ማረጋገጫ ይሻሻላል ስለሚባል፣ ብጠብቅ አይሻልም?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ አሠሪዎ ማመልከቻውን ለሠራተኛ ሚኒስቴር ያስገባበት ዕለት ራሱ የወረፋዎ መነሻ ስለ ሆነ፣ መንግሥት አንድ ቀን ሥርዐቱን ያቀልለዋል በሚል ተስፋ የሚያሳልፉት ወር ሁሉ ወደ ኋላ የሚያስቀርዎ ነውና፣ መጠበቁን ፈጽሞ አልመክርዎም።

ተሐድሶም ቢመጣ አስቀድሞ የተከማቸውን ሸክም ወዲያው አያወርድም፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2005 ፐርም ሥራ ላይ ሲውል አዲሱ ማመልከቻ በቀጥታ ለፌዴራሉ መንግሥት እንዲቀርብ ቢደረግም፣ በቀድሞው ደንብ የገቡት መዛግብት በፊላዴልፊያና በዳላስ ተከማችተው፣ ባለጉዳዮቹ እስከ 2007 ድረስ በጭንቅ መቆየታቸው የታወቀ ነው።

ዝግጅቱም ራሱ ጊዜ ይፈጃል። ሚኒስቴሩ ደመወዙን ከወሰነ በኋላ፣ አሠሪዎ በሁለት እሑዶች ጋዜጣ ማስታወቂያ ማውጣት፣ በክፍለ ግዛቱ የሥራ ቅጥር ቢሮ ለ30 ቀናት ማስነገር፣ በሌሎች ሦስት መንገዶችም ሠራተኛ መፈለግ ግዴታው ነው።

በኤች ዋን ቢ ቪዛ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ፣ ከስድስተኛው ዓመት በላይ ለማራዘም ማመልከቻው ከገባ 365 ቀናት ማለፍ ስላለባቸው፣ አምስተኛው ዓመት ሳይፈጸም ማስገባት ይበጃል።

የማስታወቂያውንና የአሠሪውን ጠበቃ ወጪ ይክፈሉ ቢባሉ፣ እ.ኤ.አ. የ2007 ደንብ ይህን ስለሚከለክል እሺ አይበሉ።