የግድያ ጨዋታ ለልጅ ሊሸጥ ይገባልን?

ግድያና ደም የሞላባቸው የቪዲዮ ጨዋታዎች ለልጆች እንዳይሸጡ በሕግ መከልከል አለባቸውን? ጥያቄው በአሜሪካ ፍርድ ቤት ቀርቦ ውሳኔ ያገኘ በመሆኑ ከዚያ መጀመሩ ይጠቅማል።

የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ሕግ፣ እንዲህ ያለውን ጨዋታ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የሸጠ ወይም ያከራየ ሰው እስከ 1,000 ዶላር እንዲቀጣ ደነገገ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2011 ሕጉን በ7 ለ2 ድምፅ ሻረው። ጨዋታም እንደ መጽሐፍና ፊልም ሐሳብ የሚገለጽበት ነው፤ የቀረቡት ጥናቶችም ጨዋታው ልጆችን ጠበኛ እንደሚያደርግ አላረጋገጡም አለ። አምራቾቹ ራሳቸው በማሸጊያው ላይ የሚያትሙት የዕድሜ ምልክት መኖሩንም አወሳ።

አለመረጋገጡ ግን ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ስለሆነም ለአዋቂ የተሠራውን ለልጅ መሸጥ መከልከሉ ተገቢ ነው እንላለን። ይሁን እንጂ ይህ ብቻውን አይበቃም። በከተሞቻችን ብዙው ልጅ ጨዋታውን አይገዛም፤ በየሰፈሩ ባሉ የፕሌይስቴሽን ቤቶች ጥቂት ብር ከፍሎ ይጫወታል እንጂ። ማሸጊያውን አያይም፤ ምልክቱንም አያነብም። እንግዲህ ሽያጭን ብቻ የሚከለክል ሕግ እርሱ ዘንድ አይደርስም። ክልከላው የጨዋታ ቤቶችንም ሊመለከት ይገባል።

እስከዚያው ግን ወላጅ፣ ልጁ የት እንደዋለ ብቻ ሳይሆን ምን ሲጫወት እንደዋለም ይጠይቅ፤ ገብቶም ይመልከት። ልጅ አማና ነው፤ አማናን ደግሞ ለነጋዴ አይተዉትም።